ከእማዋይሽ ጣሪያ የወረደው ሶላር

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲኬድ ከመንገዱ ገባ ብላ ባለችው መንደር ያለ እማዋይሽ እጅ የተወለደ ልጅ ጥቂት ነው። አዋላጅነቱን ከእናቷ ወርሳ፣ ዕድሜዋን ሙሉ በኩራዝ ብርሃን ስትሠራ ኖረች። አንድ ክረምት የእህቷን ልጅ ሥርጉትን ስታዋልድ ኩራዙ ተገለበጠና መደቡ ላይ የተጎዘጎዘው ሣር ተያያዘ። እናትና ልጅ ተረፉ። የእማዋይሽ ቀኝ እጅ ግን እስከ ክርኗ ተቃጠለ፤ ጣቶቿም እንደተኮማተሩ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ የላምባ ሽታ ያጥወለውላታል።

ስለዚህ ቀበሌው ሕዝቡን ሰብስቦ፣ መንግሥት በየጣሪያው ሶላር፣ በየኮረብታው በነፋስ የሚሠራ መብራት እንዲተከል ያበረታታልና ድጋፋችሁን ግለጡ ሲል፣ ከሁሉ ቀድማ እጇን ያወጣች እሷ ነበረች። ሌላው የሊቀመንበሩን የተስፋውን ዓይን እየፈራ ነው ያወጣው። እሷ ግን ከልቧ ነው። ሰንበቴ ላይ ሳይቀር ሰው ስታግባባ ከረመች።

ግንቦት ላይ ፒካፕ መጣ። ያመጣው አንድ ሶላር ብቻ ነበር፤ እሱም በእማዋይሽ ቆርቆሮ ላይ በሚስማር ተመታ። አምፖሉ ሲበራ እልልታዋ ወንዝ ማዶ ተሰማ። በማግስቱ እንግዶች ካሜራ ይዘው መጡ። እጇን ገልጣ አሳየቻቸው፣ ኩራዙ ያደረሰባትን ነገረቻቸው፤ አጨበጨቡላት። መንደሩ ያረደውን ሙክት በልተው ተመረቁና ሄዱ።

አቧራቸው ሳይረግብ ሠራተኞቹ ጣሪያዋ ላይ ወጥተው ሚስማሩን መንቀል ጀመሩ።

«ምነው ልጄ፣ ተበላሸ እንዴ?» አለች እማዋይሽ።

«አልተበላሸም፣ እትዬ። ለሌላ ቀበሌ ይፈለጋል» አላት አንደኛው፣ ፊቷን ሳያይ።

ክረምቱ ገባ። ዝናቡ በሚስማሩ ቀዳዳ እየወረደ መኝታዋን አራሰው። ባሏ ቀዳዳውን በሬንጅ እየደፈነ፣ «ሶላር ሶላር ስትይ ይኸው!» ቢላት፣ «ፀሐይ ምን አጠፋች?» አለችው፤ «የሚያስጠሉኝ ሰዎቹ ናቸው።»

መስከረም ላይ ተስፋው ራሱ ደጇ ድረስ መጣ።

«ጎረቤት ቀበሌ ሄደው ይመስክሩልን። አንቱ ሲናገሩ ሰው ይሰማል። እጅዎን ደግሞ ያሳዩዋቸው፤ ያኔ እንግዶቹን አንጀታቸውን ነው የበላው።»

የእማዋይሽ የተቃጠለ ገላ ለእነሱ እንደ መፈክር ጨርቅ የሚዘረጋና የሚጠቀለል ዕቃ ሆኖላቸዋል። ሆኖም እሺ ብላ ሄደች።

እዚያ ሲደርሱ ሶላሩን ሊቀበል የተመረጠው የእህተ ማርያም ቤት ነበር። እህተ ማርያም ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ነጠላዋን አገልድማ ስትፈነድቅ እማዋይሽ የራሷን ግንቦት አየች። ሠራተኛው መዶሻውን ይዞ ጣሪያው ላይ ወጥቷል።

እንድትናገር ሲጋብዟት ተነሣች። እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ ወደ እህተ ማርያም ዞረች።

«እቴ፣ ቆርቆሮሽን አታስበሺ። ይህ ሶላር የኔ ጣሪያ ላይ አንድ ቀን አደረ። እንግዶቹ ሲሄዱ እሱም ሄደ። የቀረልኝ ዝናቡ ነው።»

ካሜራ የያዘው ሰው ካሜራውን ዝቅ አደረገ። ተስፋው ፊቱ ተለዋወጠ።

«ድጋፍ ነው የተጠየቁት!»

«ድጋፌን ማ ነሣችሁ? ዛሬም እደግፋለሁ። ተክላችሁ ሂዱ ነው የምል።»

እህተ ማርያም ወደ ጣሪያው ቀና ብላ ሠራተኛውን፣ «ውረድልኝ» አለችው። የተሰበሰበው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ፒካፑ ሶላሩን ጭኖ ሲመለስ እማዋይሽን ጥሏት ሄደ፤ ጭቃውን እያቦካች በእግሯ ገባች።

ከዚያ በኋላ ተስፋው በደረሰበት ሁሉ «ፀረ ልማት» እያለ ስሟን አጠፋ። ጎረቤቶቿም ለጊዜው ከበራፏ ራቁ፤ ምጥ ሲመጣ ግን መጥራታቸው አልቀረም።

ኅዳር ላይ ከእህተ ማርያም ጋር ሆነው ወረዳ ድረስ አቤት ሊሉ ሄዱ። ኃላፊው ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው፤ አንድም ቃል ሳያቋርጥ ሰማቸው። ከዚያ ወደ እማዋይሽ ዞሮ ፈገግ ብሎ፣ «የእናንተ ቀበሌ ሕዝብ ለሶላር ያሳየው ድጋፍ እኮ በዞን ደረጃ ተመስግኗል» አላቸው።

እማዋይሽ ተነሣች። ከግቢው ወጥታ አጥሩ ሥር እንትፍ አለች፤ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና «እንሂድ፣ እቴ» አለች።