ዱባለ ሲቀመጥ

የኮልፌው ልብስ ሰፊ ዱባለ ወገቡ ውስጥ ብረት ይዞ ሃያ አንድ ዓመት ኖረ። ብረቱ የትንሽ ጣት ጥፍር አያህልም፤ የቦምብ ፍንጣሪ ነው። ኮሪያ ዘምቶ ሳለ ገባበትና አከርካሪው ሥር ተሸጉጦ ቀረ። ጃፓን አገር ወስደው ያከሙት የጦር ሐኪም አከርካሪውን ወረቀት ላይ ሥለው፣ አጠገቡ አንዲት ነጥብ አድርገው፣ ቁርጡን በአስተርጓሚ ነገሩት። «ላውጣው ብል ሽባ ላደርግህ እችላለሁ፤ ባለበት ይቆይ። ከባድ አታንሣ፣ ወጌሻ አይንካህ፣ ማንም ጎትቶ እንዳያስነሣህ። ይህቺ ነጥብ ፈቀቅ ካለች እግር አለኝ አትበል።»

ዱባለ ይህን ነገር ለማን ተናገረ? ለማንም። የሺእመቤትን ለማግባት ሽማግሌ በላከ ጊዜ አባቷ ፊት ለፊት አስቀምጠው «ቁስልህ ድኗል ወይ?» ብለው ጠየቁት። ድኗል አለ። ምን ይበል ታዲያ? ነገ ከነገ ወዲያ አልጋ ላይ ልቀር እችላለሁ ለሚል ሰው ልጁን የሚድር አባት የት ይገኛል? ከሠርጉ በኋላ ለእሷ እነግራታለሁ ብሎ አሰበ። ዛሬ ነገ ሲል አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ዱባለ ግን መድኃኒት አለኝ ብሎ ነው መሰለኝ የተዝናናው።

መድኃኒቱ መቀመጥ ነበር። ጃፓን ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የሕሙማን አንሶላ የሚያጥቡ አንድ ቻይናዊ ሽማግሌ ነበሩ። ስማቸው ለአፉ አልመች ስላለው አባባ ይላቸው ነበር። ጦርነት ቤተሰባቸውን ጨርሶባቸዋል፤ ወገባቸውም ጎብጧል፤ ፊታቸው ላይ ግን የሚጨነቅ ሰው ምልክት አልነበረም። አንድ ቀን ዱባለ ትራሱን ነክሶ ሲያለቅስ አገኙትና አጠገቡ መሬት ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ወታደሩ ሁሉ በሚለቃቅማት ስባሪ እንግሊዝኛ፣ የቀረውን በእጃቸው እያሳዩ፣ ታኦ ስለሚባለው ያገራቸው የጥንት ትምህርት ነገሩት፤ ትርጉሙ መንገድ ማለት ነው አሉት። ሕመሙን አትታገለው አሉት። ውሃ ድንጋይ ሲገጥመው ዞሮት ያልፋል እንጂ አይደባደብም። ትንፋሽህን ከእምብርትህ ሦስት ጣት ዝቅ አድርገህ እዚያ አሳርፈው፤ የሚመጣው ይምጣ፣ የሚሄደው ይሂድ፤ አትያዘው፣ አታባርረው። ዱባለ መጀመሪያ ሳቀ። ሕመም የያዘው ሰው ግን ምን ምርጫ አለው? ሁለት ወር አብሯቸው ተቀመጠና አገሩ ገባ።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ በየማለዳው፣ ሰማዩ ሳይገላለጥ፣ ምንጣፉን ዘርግቶ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ ይቀመጣል። ሕመሙ አይጠፋም፤ ይህን ልብ በሉ። ዱባለ አንድም ቀን ጠፋልኝ ብሎ አያውቅም። ብቻ እንደ ጎረቤት ጠብ ከግድግዳው ማዶ ይሆንለታል። ጩኸቱ ይሰማል፣ አንተን ግን አይመለከትህም። ከዚያ ተነሥቶ ኮልፌ ገበያ ዳር ካለችው ሱቁ በረንዳ ይሄድና እስከ ማታ የልብስ ስፌት መኪናውን በእግሩ ሲረግጥ ይውላል። ካልተቀመጠ ግን፣ በተለይ ክረምት ሲገባ፣ እስከ ምሳ እንኳ አይዘልቅም፤ ከወገቡ እስከ ግራ ተረከዙ እሳት ይወርድበታል፣ ጨርቁን እንደ ጨበጠ ላብ ያጠምቀዋል። እግሩ የሚረግጣት ያቺ መኪና ናት ቤቱን የምታበላው።

ችግሩም ሲመጣ ያው መቀመጥ ነው። የሺእመቤት ሦስት ጊዜ ፀነሰች፣ ሦስቱም ወረደባት። ላያስችል አይሰጥም እያለ ሰው መጥቶ ያጽናናና ይሄዳል። ዱባለ በነጋታው ይቀመጣል። እሷ ጓዳ ውስጥ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ስታለቅስ፣ እሱ ሳሎን ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ ይተነፍሳል። እውነቱን ለመናገር እሱን አጽናንቶታል። እሷን ግን ብቻዋን አስቀራት፤ ይህን ዱባለ ኋላም አላሰበበትም።

ሦስተኛው ከወረደ በኋላ የሺእመቤት ጴንጤዎቹ ዘንድ መሄድ ጀመረች። እዚያ አብሯት የሚያለቅስ ሰው አገኘች። ጊዜው ለእነሱ ክፉ ጊዜ ነበር፤ ስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ነው። መንግሥት ስብሰባቸውን ከልክሎ፣ ፖሊስ እየጫነ ያስራቸው ነበርና በየቤቱ አምስት ስድስት ሆነው፣ መስኮት ዘግተው፣ መዝሙሩን በሹክሹክታ ይዘምራሉ። ዱባለ ደስ ካላት ብሎ አልከለከላትም።

በዚያው ዓመት አራተኛው ተፀነሰ። ክረምቱ ገብቶ አራት ወር ሲሞላው ፍርሃት ገባት፤ ያለፉት ሁሉ በአምስተኛው ነበር የወረዱት። አንድ ማለዳ ምድጃው ላይ ወተት ገንፍሎ ቤቱን ጭስ ሲሞላው «ዱባለ!» ብላ ተጣራች። አልመለሰላትም። መጥታ ፊቱ ቆመች። ዓይኑ ተጨፍኗል፣ ፊቱ ላይ ደስታም ኀዘንም የለም። ጭሱ አላሳለውም። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ወደ ኋላዋ አፈገፈገች።

ማታ እራት አቅርባ ጠየቀችው።

«ጠዋት ጠዋት የምትቀመጠው ለማን ነው?»

«ለማን ማለት?»

«ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲቀመጥ ወይ ይጸልያል ወይ ይደግማል። አንተ ለማን ነው?»

«ለማንም አይደለም» አለ።

አይ ዱባለ! ለእግዚአብሔር ነው ብሎ ቢዋሽ ነገሩ እዚያው ይበርድ ነበር። ለወገቤ ነው፣ ብረት አለብኝ ብሎ እውነቱን ቢያወጣውም ይሻል ነበር። ኮልፌ ውስጥ ለማንም የሚቀመጥ ሰው ማን አይቶ ያውቃል? ክርስቲያኑ ለአምላኩ፣ እስላሙ ለአላህ፣ ቃልቻው እንኳ ለያዘው ነገር ነው የሚቀመጠው። ማን እንዳስተማረው ጠየቀችው፤ የሽማግሌውን ነገር ነገራት። ክርስቲያን ናቸው? አይደሉም። እስላም ናቸው? አይደሉም። ታዲያ ምንድን ናቸው ስትለው «አንሶላ አጣቢ ናቸው» አለና ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ያን ሌሊት ጀርባዋን ሰጥታው ተኛች።

ከዚያ ጀምሮ ጾም ያዘች። እርጉዝ ሆና ሦስት ቀን ከውሃ በቀር አልቀመሰችም። ከዱባለ ሱቅ ጎን ቅመም የምትቸረችረው ዘይቱና ይህን ሰማችና መጥታ በረንዳው ላይ ቆመች። ዘይቱና በቀን ስንቴ ጥርሱን ነክሶ ከመኪናው እንደሚነሣ የምታይ ሴት ናት፤ ስለ ብረቱ ባታውቅም መታመሙን ታውቃለች።

«ሚስትህ ባሌ ምን ሲያደርግ አይተሻል እያለች ስትጠይቀኝ ነበር» አለችው። «ዓይኗ ደስ አይልም። ታምሜያለሁ በላት፣ ዱባለ። ሰው ከራሱ ሚስት ይደብቃል?»

ዱባለ ክሩን መርፌው ቀዳዳ ውስጥ እያስገባ አመሰገናት። እሁድ እነግራታለሁ አለ። ለምን እሁድ? ሱቅ ስለሚዘጋ፣ ጊዜ ስለሚኖር። አሥራ ሁለት ዓመት የቆየ ነገር ሦስት ቀን ቢጨመርበት ምን ይሆናል ብሎ ነው።

የሺእመቤት ግን ሐሙስ ዕለት ጸሎታቸውን ለሚመራው ለወንድም ጌታሁን ነግራዋለች። ጌታሁን አስተማሪ ነው፣ የሚያመሰግኑት ሰው ነው። በእምነቱ ምክንያት ታስሮ፣ ውስጥ እግሩን ተገርፏል፤ አሁንም ሲራመድ ያነክሳል። ስለዚህ ቸኩሎ አልፈረደም። መጀመሪያ የጠየቃት «ባልሽ ሕመም አለበት ወይ?» ብሎ ነው። የለበትም አለች፤ ድሮ ቆስሎ ነበር፣ ድኗል። አልዋሸችም፤ የምታውቀው ይህንኑ ነው። ጌታሁን ቀጥሎ ሦስቱ ፅንስ በየትኛው ወር እንደ ወረደ ጠየቃት። ስትነግረው እንባው መጣ። እሁድ ጠዋት፣ ሰፈርተኛው ቅዳሴ ሲሄድ፣ መንገዱ ጭር ሲል እንመጣለን አላት። አንድ ነገር ብቻ አጥብቆ አስጠነቀቃት፦ ርኩስ መንፈሱ በእሱ ድምፅ ይናገራል፣ ስምሽንም ይጠራል፣ ያን ጊዜ ልብሽ እንዳይራራ።

እሁድ ጠዋት ዝናቡ ቀጥ ብሎ ይወርድ ነበር። የሺእመቤት ከወትሮው ቀድማ ተነሥታ ቤቱን ጠርጋ፣ ፊቱን የሚታጠብበት ውሃ አሙቃ ሰጠችው። ደስ አለው። ቁጭ ብዬ ስነሣ እነግራታለሁ ብሎ ቆረጠ፤ ምን ብሎ እንደሚጀምርም አሰበ። «አባትሽን ዋሽቻቸው ነበር» ብሎ ሊጀምር ነው። ልቡ ቀለለው። ምንጣፉን ዘረጋና ተቀመጠ፤ ትንፋሹ ወዲያው ወደ ታች ወረደለት፤ እንደዚያን ቀን ያማረ መቀመጥ በስንት ዓመቱ ነው።

በሩ ሲከፈት ሰምቷል። ጭቃ የያዘ ጫማ ሲገባም ሰምቷል፤ የእሷ እንግዶች ናቸው ብሎ እንደ ሌላው ድምፅ ሁሉ አሳለፈው። ጌታሁንና አራት ሰዎች ዙሪያውን ከበቡት። ፖሊስ እንዳይሰማ በዝግታ ጀመሩ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ግን ድምፃቸው እየጨመረ ሄደ። አንድ እጅ ራሱ ላይ አረፈ። ሌላ እጅ ትከሻው ላይ። በኢየሱስ ስም ውጣ ይላሉ፤ ይህን ቤት ልቀቅ፣ ይህችን ማሕፀን ልቀቅ።

ዱባለ ዓይኑን ገለጠ። አልተቆጣም። ማሕፀን የሚለውን ሲሰማ ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታየውና አዘነላት። ልናገር ሲል ሁለት ወንዶች ከግራና ከቀኝ ብብቱ ሥር እጃቸውን አስገቡ። ልማዳቸው ነው፤ ጴጥሮስ በመቅደሱ ደጅ ሽባውን በቀኝ እጁ ይዞ እንዳስነሣው፣ የጸለዩለትን ሰው ይዘው ያቆሙታል።

የፈሩት ይደርሳል። ዱባለ በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ያን ያህል ፈርቶ አያውቅም።

«ተዉኝ» አለ። «አትንኩኝ፣ እባካችሁ ተዉኝ!»

ጌታሁን ይህን ቃል ከስንት ሰው አፍ ሰምቶታል። ርኩስ መንፈስ ሊወጣ ሲል የሚለው ይህንኑ ነው። «ተናገረ» አለ ለሌሎቹ፣ «በርቱ።»

«የሺ! ጀርባዬን . . . የሺ፣ አስጥዪኝ!»

የሺእመቤት ግድግዳው ሥር ቆማ ነበር። ስሟን የጠራው የገዛ ባሏ ድምፅ ነው፤ አንድ እርምጃ ወደ እሱ ተራመደች። ከዚያ የተባለችውን አስታወሰችና በሁለት እጇ ጆሮዋን ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጎትተው አነሡት። ወገቡ ውስጥ አንዳች ነገር ሸተት አለ፤ ከእሱ በቀር የሰማው የለም። ጉልበቱ ከዳውና በእጃቸው ላይ ተዝለፈለፈ። አልደነገጡም፤ መንፈስ የለቀቀው ሰው እንደሚወድቅ ያውቃሉ። ቀስ ብለው መልሰው ግድግዳ አስደግፈው አስቀመጡትና ጌታሁን ጎንበስ ብሎ ምን እንደሚሰማው ጠየቀው።

ዱባለ ፈለገው። ወገቡ ላይ ፈለገው፣ ዳሌው ላይ ፈለገው፣ ግራ ተረከዙ ድረስ ወርዶ ፈለገው። ከግድግዳ ማዶ እንኳ አልነበረም።

«ሕመሙ የለም» አለ።

የምን ሕመም ብሎ የጠየቀው የለም። እንባ በእንባ ሆኑ፤ ጮክ ብለው እንዳይዘምሩ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው አመሰገኑ። ቅዳሴ ሳይወጣ መበተን ስላለባቸው ሁለት ሁለት እየሆኑ ዝናቡ ውስጥ ገቡ። ጌታሁን መጨረሻ ላይ ወጣ፣ ግንባሩን ስሞት።

የሺእመቤት በሩን ዘግታ መጣችና እግሩ ሥር ተደፋች። «ይኼኛው ይወለዳል» ትላለች፤ «አሁን ይወለዳል፣ ዱባለ፣ ታያለህ።» ሁለት እግሩን እቅፍ አድርጋ፣ ጉንጯን ጣቶቹ ላይ አስተኝታ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። እሱ ከላይ ያያታል። እንባዋ እግሩ ላይ ሲወርድ ያያል። ጣቶቿ ተረከዙን ሲጨብጡት ያያል። አንዱም አልተሰማውም።

ሊነግራት አፉን ከፈተ። እሷም ቀና አለች፤ ከተጋቡ ጀምሮ ፊቷ እንዲህ ፈክቶ አይቶት አያውቅም። ተነሥ በል፣ ቁርስ ላቅርብልህ አለችና እጇን ዘረጋችለት።

«ቆዪ» አላት። «ትንሽ ቆዪ።»