ኮምፒዩተሩ ያጸደቀው ዘር

ነገሩ የጀመረው በሰኔ ወር፣ አንድ አርብ ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን አክብሮ ጥቂት ቆይቷል፤ እኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። አርብ ገበያ በምትባለው ትንሽ ከተማ ካለው የመንግሥት የዘር መጋዘን ውስጥ ተንበርክኬ የመጨረሻዋን ሽቦ አሰርኩና የሳጥኑን ማብሪያ ተጫንኩ። አረንጓዴ መብራት በራ። ደጅ ገበያተኛው አህያውን እየነዳ ያልፋል። ማንም አላጨበጨበም። ቢጨበጨብልኝም መግቢያ ይጠፋኝ ነበር። ሰው እያየኝ መሥራት አልችልም፤ የሽቦ ሥራ የመረጥኩትም ሽቦ ቀና ብሎ ስለማያይ ነው።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነበር። ሴንሰር የሚባሉ ረጃጅም የብረት ዘንጎች በስንዴው ጆንያዎች ውስጥ ይሰካሉ። የእህሉን ሙቀትና ርጥበት እየለኩ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ይሰጣሉ። አዲስ አበባ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ኮምፒዩተር አለ። ኮምፒዩተሩ የዘንጎቹን ምልክት እንዳለ አይረዳም፤ ስለዚህ በመካከላቸው አዳፕተር የሚባለው ሳጥን ይቀመጣል። አዳፕተሩ ምልክቱን ተቀብሎ ወደ ድምፅ ይለውጣል፣ የሬዲዮ መገናኛው ድምፁን ይወስዳል፣ እዚያ ማዶ ያለ ሌላ ሳጥን መልሶ ቁጥር ያደርገዋል። በየአውራጃው ያሉት መጋዘኖች ሁሉ እንዲህ እየተያያዙ አንድ መረብ እንዲሆኑ ታስቦ ነበር። የእኛ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው።

ከመረቡ ጋር አንድ መመሪያ መጣ፦ ኮምፒዩተሩ ደረቅ ነው ሳይል ከመጋዘኑ አንድ ፍሬ አይወጣም። ከዚያ በፊት ይህን የሚወስነው የመጋዘኑ ኃላፊ ነበር፤ ከጆንያ ጥቂት ፍሬ ዘግኖ በጥርሱ ይሰብርና ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ጥርስ ግን ሪፖርት አይልክም።

ኃላፊው ካኪ የማያወልቅ፣ ቁልፍ ከወገቡ የማይለይ የፓርቲ አባል ነው። ሰው ባለበት «ጓድ» እለዋለሁ፣ ሁለታችን ስንሆን «ጋሼ»። እሱም ሰው ባለበት «ጓድ ቴክኒሻን» ይለኛል፤ ሰው ከሌለ «ልጄ፣ ምሳ በላሽ ወይ?» ይለኛል።

ዘሩ ሊታደል የነበረው በነጋታው ነው። በነጋታው ጠዋት፣ አዲስ አበባ በቀን አንዴ በሚቀበልበት ሰዓት፣ ሬዲዮውን ከፈትኩ። ዋናው መሥሪያ ቤት ያለው የአለቃዬ ድምፅ ከብዙ ጩኸት መሃል ወጣ፤ «ኦቨር» የሚለው በሬዲዮ ቋንቋ ጨረስኩ ማለት ነው።

«ስንዴው ርጥብ ነው ይላል። በጣም ርጥብ። ኦቨር።»

«ጌታዬ፣ በእጄ ነክቼዋለሁ። ደረቅ …»

«እጅሽ ከመረቡ ጋር አልተገናኘም። እስኪደርቅ እንዳይነካ። ኦቨር።»

ዓረፍተ ነገሬን ሳልጨርስ መስመሩ ተዘጋ። እንዲህ መዘጋት ለእኔ አዲስ አልነበረም፤ እንዲያውም ግማሽ ዓረፍተ ነገር ማዘጋጀት ለምጄ ነበር።

ገበሬው ከመጋዘኑ ፊት ለፊት አህያውን አስሮ ይጠብቃል። ከሁሉ ፊት የተቀመጠችው ከቁልቁለቱ ግርጌ የመጣች መበለት ናት። የራሷን የዘር እህል በዚያ በረሃቡ ክፉ ቀን ከልጆቿ ጋር በልታዋለች። ማሳዋን በወንፈልና በልመና አሳርሳ፣ አስደግማ፣ አሰልሳ ጨርሳለች፤ የቀራት ዘር ብቻ ነው። ሐምሌ ከባተ መሬቱ ውኃ ይጠጣል፣ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ይሰጥማል፣ የእሷም ዓመት እዚያው ያልቃል። ይህን የነገረችኝ እያማረረች አልነበረም፤ መንገድ እንደምታሳይ ሰው ነበር የተናገረችው።

«የሽቦዋ ልጅ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

«ስንዴው ምን ሆነ አለች ሽቦሽ?»

«ርጥብ ነው ትላለች።»

ከበሩ ሥር ከተንጠባጠበው አንድ ፍሬ አንስታ በጥርሷ ሰበረችው። ቀጭ አለ።

«ይሄ ርጥብ ከሆነ እኔም ሙሽራ ነኝ» አለች።

ዘንጎቹን ነቅዬ አየሁ። እውነትም ውኃ ይዘዋል፤ የአዳፕተሩ መሰኪያዎችም ረጥበዋል። እህሉ ግን ደረቅ ነው። ጣሪያውን አየሁ፣ ግድግዳውን ዳሰስኩ። ምንም የለም። ሁሉን በጨርቅ ወልውዬ፣ ፀሐይ ብልጭ ባለችበት አድርቄ፣ መልሼ ሰካሁ። በማግስቱ ጠዋት አሁንም ርጥብ አለ። ግራ ቢገባኝ በሬዲዮው «ምናልባት የጣሪያ ፍሳሽ ይሆናል» አልኩ።

«ጥሩ አድርገሽ አየሽው» አለ አለቃዬ። «ክረምቱ ሲወጣ ጣሪያ ጠጋኝ እንልካለን። እስከዚያ አይከፈት። ኦቨር።»

በሥራ ዘመኔ የተመሰገንኩበት የመጀመሪያው ሐሳብ የመበለቷን ዓመት እስከ መስከረም ዘጋው።

እንደገና አደረቅኋቸው፤ እንደገና ረጠቡ። በመጨረሻ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። በሩ ተከፍቷል። ኃላፊው ካኪውን ለብሶ ቁልፉን በእጁ ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ውስጥ፣ የአጥቢያው ቄስ መስቀል በአንድ እጃቸው፣ በሌላው የጸበል ጀሪካን ይዘው በጆንያዎቹ መሃል ይመላለሳሉ።

«ቶሎ ይበሉ እንጂ አባ» ይላል ኃላፊው፣ «ስብሰባ አለብኝ።»

«የምን ስብሰባ ነው በዚህ ጠዋት?»

«ጎታች ልማድን ስለመዋጋት ነው፣ አባ።»

«በርታ» አሉት ቄሱ፣ ሳይዞሩ።

እኔን ሲያዩኝ አልደነገጡም። በዚያ አገር ዘር ሳይባረክ መሬት አይነካም፤ ያውም ከሌላ አገር የመጣ፣ ማሳውን የማያውቅ ዘር። ገበሬው ይህ ሳይሆን ስንዴውን አልወስድም ስላለ፣ ኃላፊው በሩን ከሰው ዓይን በፊት ይከፍትላቸው ጀመር። ይህን እኔም ልጅ ሆኜ አውቀዋለሁ። ያላወቅኩት የዘንጎቹን ጉዳይ ነው።

«ዘሩን ባርኬ ሳበቃ» አሉኝ ቄሱ፣ «እነዚህ ብረቶች ከእህሉ መሃል ተሰክተው አገኘኋቸው። ያልተባረከ ብረት በዘር መሃል አድሮ ምን ይበጃል? እነሱን ጠበቅ አድርጌ ነው የረጨኋቸው። ኋላ ደግሞ ሳጥኑ ዘሩን አሰረው ብለው ሕዝቡ ሲያለቅስብኝ፣ ለሳጥኑ ሱባኤ ያዝኩለት።»

አየሁት ነገሩን። ሳጥኑ ርጥብ ነው የሚለው ጸበል ስለተረጨበት ነው፤ ጸበል የሚረጭበትም ርጥብ ነው ስለሚል ነው። ሁለቱም ወገን በመሣሪያው ይተማመናል። ከሁለቱም መሣሪያ ስህተት የሠራ አልነበረም።

ቄሱ ከሄዱ በኋላ ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ።

«በመንግሥት መጋዘን ውስጥ ጸበል አይረጭም» አለኝ።

«አሁን ሲረጭ አየሁ እኮ፣ ጋሼ።»

«አይተሻል። ግን አይረጭም። ይህን በሬዲዮ ካወራሽው እኔ ደብረ ታቦር፣ አውራጃው ጽሕፈት ቤት፣ ለምርመራ እጠራለሁ፤ አንቺም ምስክር ተብለሽ አብረሽኝ ትጠሪያለሽ። መጋዘኑ ይታሸጋል። ያን ጊዜ ሴትየዋ ሐምሌን ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውንም ሐምሌ ትጠብቃለች።»

ስለዚህ ምክንያቱ አለ፤ ግን ሊኖር አይችልም። ዩኒቨርሲቲ ይህን የመሰለ ፈተና አልሰጡንም።

ቀኑን ሙሉ ቃላት ስመርጥ ውዬ፣ ወደ ማታ ገደማ ቄሱን ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አገኘኋቸው። ቤተ ልሔም ከሚባለው የድጓ ትምህርት ቤት ዜማ የተማሩ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። እኔ ያወራሁት ለጫማዬ ነው።

«አባ፣ ዘንጎቹን ከእህሉ ባወጣቸውስ?»

«ከወጡማ ምን አደርጋቸዋለሁ? የረጨኋቸው ዘሩ መሃል ስለገቡ ነው።»

«ሳጥኑስ?»

«የሳጥኑ ሱባኤ ግን ይፈጸም። ለሕዝቡ ቃል ሰጥቻለሁ።»

«በላስቲክ ብሸፍነው ቅር ይልዎታል?»

«ጸበል በላስቲክም ላይ ቢፈስ ጸበል ነው» አሉ።

እንዲህ በቀላሉ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የቀረው ዘንጎቹን የት እንደማገባቸው ነው። ባዶ አየር ላይ ከዋሉ ኮምፒዩተሩ ተሰብረዋል ይላል። በማግስቱ ማልጄ ኃላፊውን ከመጋዘኑ አንድ ቁና ደረቅ ስንዴ ስጠኝ፣ በከረጢት ውጭ አስቀምጬ ልለካው ብዬ ለመንኩት።

«ኮምፒዩተሩ ሳይፈቅድ አንድ ፍሬ አይወጣም» አለኝ። «መመሪያውን ያመጣሽው አንቺ ነሽ።»

እውነቱን ነው። ሽቦዎቹን በመስኮቱ ወደ ውጭ አሾልኬ፣ የተወለወሉትን ዘንጎች እንደ ጦር በእጄ ይዤ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ቆምኩ። ዝናቡ ያካፋል። መበለቷ እንደ ሁልጊዜው ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች።

«ምን ሆነሽ ነው የጠላት ጦር እንደሚጠብቅ ሰው የቆምሽው?» አለችኝ።

«እህል አጥቼ ነው፣ እናቴ። ደረቅ እህል።»

ከጋቢዋ ሥር የስንቅ ከረጢቷን አወጣች። የገብስ ቆሎ ነው፣ ከሽምብራ ጋር። «ከዚህ የደረቀ አታገኚም» አለች፣ «ጥርሴን የጨረሰው እሱ ነው።»

ላስረዳት አሰብኩና ተውኩት። ከረጢቱን ጭኗ ላይ አድርጋ አፉን ከፈተችልኝ፤ ዘንጎቹን ሰካሁ፤ ዝናቡ እንዳይነካቸው ጋቢዋን ደረበችባቸው። እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን የታቀፈች ትመስል ነበር። ከውስጥ ቄሱ መዝሙረ ዳዊት ሲደግሙና ላስቲክ ላይ ውኃ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ኃላፊው በመስኮቱ ብቅ ብሎ አየን፣ ምንም እንዳላየ ተመለሰ። በዚህ ሙያ ተክኗል።

ዳዊቱ ሲያበቃ ገብቼ ሬዲዮውን ከፈትኩ። ድምፁ ሄደ። ቆየ። ከዚያ አለቃዬ መጣ፤ የደስታ ድምፅ ነበረው።

«ምን አድርጋችሁት ነው? ከመረቡ ሁሉ የእናንተ አንደኛ ነው። እንዲህ የደረቀ ዘር አይተን አናውቅም። ማሽኑ ለዘር ተስማሚ ነው ይላል። ዛሬውኑ ይታደል። ኦቨር።»

ወደ ውጭ ወጣሁ። መበለቷ ከነዘንጎቹ አልተንቀሳቀሰችም።

«ምን አለ?»

«ለዘር ይሆናል አለ።»

ጎንበስ ብላ ከረጢቷን አየች። «ይሄ?»

«ይሄ።»

«እኔ ራሴ ምጣድ ላይ ያንጣጣሁት?»

«አዎ፣ እናቴ።»

አፏን በጋቢዋ ጫፍ ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «በይ እንግዲህ፣ ይህን የሚዘራ ሰው ከተገኘ አረሙን እኔ በነፃ አርምለታለሁ» አለች።

ዘሩ በዚያው ቀን ወጣ። ኃላፊው ጆንያ ላይ ወጥቶ ሳይንስ ለሰፊው ገበሬ ስላስገኘው ድል ንግግር አደረገ። ቄሱ ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ፣ ከመንግሥት ግቢ አንድ እርምጃ ወጣ ብለው ቆመው፣ የሚያልፈውን አህያ ሁሉ ከነጭነቱ ረጩት። ንግግሩን ሲጨርስ የመጀመሪያው ጭብጨባ የመጣው ከእሳቸው በኩል ነው። መበለቷ ለመሄድ በጣም ስለቸኮለች ከረጢቷን ከነዘንጎቹ ለእኔ ትታልኝ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት መጋዘኑ ባዶ ነበር። እንደ ደንቡ ሬዲዮውን ከፈትኩ።

«ዛሬም በጣም ጥሩ ነው» አለ አለቃዬ። «በዚሁ ይቆይ። የቀረው ስንዴ እንዳይነካ።»

«መጋዘኑ ውስጥ ምንም ስንዴ የለም፣ ጌታዬ። ዘሩ በሙሉ ትናንት ወጥቷል፣ ገበሬው ዛሬ እየዘራ ነው፣ ኮምፒዩተሩ የሚያየው ሌላ ነገር ነው። ኦቨር።» ሳልቋረጥ የጨረስኩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው።



«ኮምፒዩተሩ እንደዚያ አይልም» አለ አለቃዬ።

ዘንጎቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ፣ የአዳፕተሩን መብራት አጠፋሁ፣ ከረጢቱን አንጠልጥዬ ወደ መበለቷ መንደር የሚወስደውን ቁልቁለት ያዝኩ። ስንቋን ልመልስላት ነው። ብዙ ጠይቄ ደረስኩ። በወንፈል የመጣላት አራሽ ከቁናው እየዘገነ በማሳው ላይ ይበትናል፤ ግማሹ ተዘርቶ በሬዎቹ ከኋላ እያለበሱት ነው። መበለቷ ከማዶ አየችኝና እጇን አወናጨፈች።

«አንቺ ልጅ፣ እዚያው ቁሚ!» አለች። «ያን ቆሎ ይዘሽ ማሳዬ እንዳትገቢ፤ የተቆላ እህል ከዘር ጋር አይገናኝም።»

ድንበሩ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አራሹ እስኪጨርስ ድረስ የሚሠራ ሥራ አልነበረኝም፤ ከረጢቱን ፈትቼ መቆርጠም ጀመርኩ።