የዳንግላዋ እህቴ

እንጅባራ አጠገብ ካለው መንደራችን የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው። አባቴ ሻንጣዬን በፈረሱ ጭኖ፣ በቀርከሃው አጥር መሀል እየመራ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። ጭጋግ ወርዶ ስለነበር ፊቱን እንኳ አጥርቼ አላየሁትም። ሚኒባሱ ሲቆምልን እጄን ያዘና በአዊኛ «አንድ የምነግርሽ ነገር ነበረኝ» አለኝ። ሾፌሩ ግን «ቶሎ በሉ እንጂ!» እያለ ይጮኻል። «በቃ፣ ስትመለሺ» ብሎ ለቀቀኝ።

ጀርመን የመጣሁት አረጋውያን የመንከባከብ ሙያ ልማር ነው፤ እነሱ አውስቢልዱንግ ይሉታል። እንጅባራ ያደገ ሰው ብርድ አይፈራም እያልኩ ስኩራራ ነበር፤ የዚህኛው ብርድ ግን እሳት ዳር ቢቀመጡም ከአጥንት አይወጣም። ድንቹስ ብትሉ! የኛን የመሰለ አየሁ ብዬ ተሸክሜ ገባሁ፣ ቀቅዬ በአዋዜ ብቀምሰው የሌላ ሰው ድንች ሆነብኝ።

በሁለተኛው ዓመት አጎቴ ደወለ። አባቴ አርፏል። የመኖሪያ ፈቃዴ እድሳት ላይ ስለነበር መሄድ አልቻልኩም፤ ክፍሌ ውስጥ ሆኜ እንደ አገሬ ጮኼ አለቀስኩ። ወዲያው አከራዬ በሩን አንኳኳች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«አባቴ ሞቶብኝ ነው።»

«በጣም አዝናለሁ። ግን አሁን ሩኤጻይት፣ የጸጥታ ሰዓት ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድምፅ አይፈቀድም።»

«ታዲያ መቼ ላልቅስ?»

ሰዓቷን አየት አድርጋ፣ ከልቧ «ከዘጠኝ በኋላ ይቻላል» አለችኝ።

ከቀብሩ በኋላ አጎቴ እንደገና ደወለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጓል። «አንዲት የዳንግላ ሴት መጥታ ‹አባቴ፣ አባቴ› እያለች አስከሬኑ ላይ ወደቀች። እናትሽ አንስታ ከጎኗ አስቀመጠቻት። ታውቅ ኖሯል።»

እኔ ደግሞ ብቸኛ ልጅ ነኝ ብዬ ነው ያደግኩት። እናቴን ጠየቅኋት።

«ከእኔ በፊት የወለዳት ናት። የእናቷ ዘመዶች ዳንግላ ወስደው አሳደጓት፤ እሱንም ደጃቸው አላስደርስ አሉት። ራሱ ይንገራት ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ።»

አባቴ «ስትመለሺ» ያለኝ ይህንን ነበር።

እዚህ ያለን የአገር ልጆች በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ አንዳንዴ ቲያትር እናሳያለን። ጋሽ ታደሰ፣ ቀን አውቶቡስ የሚነዳው፣ አዲስ ጽፎ መጣ፤ ሰውዬው ከተቀበረ በኋላ የማትታወቅ ልጁ ደጅ ትቆማለች፣ ሚስቱም ታባርራታለች። ሚስቲቱን እንድሠራ ለእኔ ሰጠኝ። ስለ እኔ ቤት የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ እኔም አልነገርኩትም። ልምምዱ ላይ ሁሌ በደንብ አባርራት ነበር።

የዕለቱ ዕለት ልጅቷ ጥቁር ለብሳ መድረኩ ላይ ተንበረከከችና «አባቴ ነበሩ» አለች። «ከቤቴ ውጪ!» ማለት ነበረብኝ። እናቴ ከዚያ ሁሉ ለቀስተኛ መሀል ተነስታ የዳንግላዋን ልጅ ከወደቀችበት ስታነሳት ታየኝ።

«ነይ፣ ተቀመጪ» አልኳት።

ልጅቷ ግራ ገብቷት አየችኝ። ጋሽ ታደሰ ከመጋረጃው ጀርባ «ውጪ በያት! ውጪ!» ይላል። ፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ሰሙትና «አንተ ራስህ ውጣ! ምን አደረገችህ?» ብለው ጮኹበት። አዳራሹ በሳቅ ሲናወጥ እኔ ልጅቷን አቅፌ አለቅስ ነበር።

በማግስቱ ቤት ደወልኩ። ያነሳችው እናቴ አይደለችም።

«እማ ቤተ ስኪያን ናት። ማን ልበል?»

ስሜን ነገርኳት።

«የሺ ነኝ፣ የዳንግላዋ» አለች። «እሷ ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ መጥቼ ነው።»

«ደግ አደረግሽ፣ እትዬ።»

ስትጠብቀኝ የኖረች ይመስል ጠየቀችኝ፦ «አባታችን ሲስቅ እንዴት ነበር?»

አባታችን ሲባል በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቴ ነው። «መጀመሪያ ድምፅ የለውም» አልኳት፣ «ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ…» ከጀርባዋ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ይሰማኛል።

«እትዬ፣ እነግርሻለሁ» አልኳት። «እስቲ መጀመሪያ ዝናቡን ልስማው፣ ስልኩን ወደ በሩ አስጠጊልኝ።»