የቶማዚን የርግብ ቤት

ኖኅ ከመርከቡ የሰደዳት ርግብ የወይራ ቅጠል ይዛ ተመለሰች፤ የቶማዚን ፓርዶ ርግቦች ግን ይዘው የሚመለሱት ቁንጫ ብቻ ነበር።

ይህች መበለት በንጉሥ ቻርለስ ዘመን፣ በቴም ወንዝ ዳር፣ የባላባቱን የሰር ጊልበርትን የርግብ ቤት ከአባቷ ተረክባ ትጠብቅ ነበር። ቤቱ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ጥቁር የኦክ እንጨት ቋሚዎቹና አግዳሚዎቹ እርስ በርስ ተቆላልፈዋል፤ በመካከላቸው ያለው ምርግ በኖራ ነጥቷል። በሩን የከፈተ ሰው ግን አፍንጫውን ይይዛል። ከግድግዳው ጎጆዎች ኩስ ይንጠባጠባል፤ የሞቱ ጫጩቶች እዚያው ይበሰብሳሉ። ቶማዚን ዕድሜዋን ሙሉ ስትጸየፈው ኖረች። በቤተ ክርስቲያንም ከአጠገቧ የሚቀመጥ አልነበረም። ሆኖም ማደሪያዋ ከርግብ ቤቱ ጎን የተለጠፈችው ክፍል ናት፤ ያ ቢወድቅ ይህችም ትወድቃለች።

የንጉሡ ሰዎች ኩስ ከጠገበ አፈር የሚወጣውን የባሩድ ጨው ፍለጋ የርግብ ቤቶችን ወለል ይቆፍሩ ነበርና፣ ወለሉን ማንጠፍ በሕግ የተከለከለ ነበር። ሰር ጊልበርት ግን እንዳይቆፍሩበት በስውር ጡብ አስነጠፈ። ቆፋሪዎቹ በመጡ ጊዜም መጽሐፍ ቅዱስ ጨብጦ፣ «ከአያቶቼ ዘመን ጀምሮ እንዲህ ነው» ብሎ ማለ። ጡቡ እስከ ጥግ ተነጥፎ የግርጌውን አግዳሚ ስላፈነው እርጥበቱ መውጫ አጣ፤ ኩሱም በላዩ ተከመረ።

የሰር ጊልበርት ልጅ ሠርግ ሲቃረብ ቤቱ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ጀመረ።

«ጌታዬ፣ የግርጌው እንጨት በስብሷል። ጡቡ ይነሣ» አለችው ቶማዚን።

«ኖራ ቀቢው! እንግዶቼ የሚያዩት ከውጭ ነው።»

«ኖራ ጣራ አይሸከምም፣ ጌታዬ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ከወፍ ጋር ኖረሽ መንጫጫት ለመደብሽ!»

«እንግዲያው ይግቡና ራስዎ ይዳስሱት። ወይስ ርግብ ይፈራሉ?»

ከኋላ የቆመው የጌታው ቤት መጋቢ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሰር ጊልበርት አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ገባና አግዳሚውን በቡጢ መታው። እጁ እስከ አንጓው ሰጠመ። ሲስበው ነጫጭ ትሎች በጣቶቹ መካከል ይርመሰመሱ ነበር። በሐር ጥብጣብ ባጌጠው ጫማው ላይ አስመለሰ።

«ይነሣ! ጡቡ ይነሣ!» አለ አፉን እየጠረገ።

«ቆፋሪዎቹ ተመልሰው ቢመጡስ፣ ጌታዬ?» አለችው ቶማዚን። «እርስዎ የማሉበት ነገር አለ።»

«ይምጡ! እስከ ሲኦል ይቆፍሩ!»

አናጢዎች ቤቱን በድጋፍ አቁመው የበሰበሰውን ቆርጠው አወጡ፤ በምትኩ አዲስ ኦክ አስገቡ። በሠርጉ ዕለት የወጣው ኩስ ገና ደጅ ተከምሮ ነበርና፣ ሽታው ከወይኑ ቀድሞ ማዕድ ላይ ደረሰ። ለቶማዚንም የርግብ ጫጩት በሊጥ ተሸፍኖ ተጋግሮ ተላከላት። እርሷም ሽፋኑን ገልጣ አየችው፤ ለመጋቢው ውሻም ሰጠችው። ከዚያም ጀርባዋን ለአዲሱ አግዳሚ ሰጥታ ዳቦዋን በሽንኩርት በላች።