ያልተጣደው ድስት

ሥርጉት ድሮ ቃሊቲ ተከራይታ ስትኖር፣ ድግስ ባላት ቁጥር ሁለት ድስት ትጥዳለች። አንዱ የክርስቲያኑ፣ አንዱ የሙስሊሙ። የሙስሊሙን በግ የሚያርደው ጎረቤቷ ባለሱቁ ሀይረዲን ነው፤ ወጡን የምትሠራው ሚስቱ ሳፊያ። ያኔ ሱቃቸው ሙሉ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ «ሳፊዬ፣ ሳፊዬ» እያለ በራፋቸው ላይ ይውላል። ሥርጉት ልጇን ሮዳስን ስትወልድማ፣ ሳፊያ ሱቁን ለባሏ ጥላ መጥታ ገንፎ አገንፍታላታለች፣ ሕፃኗን አጥባላታለች።

ጊዜ ግን እንደ ታክሲ ነው፤ አንዱን ሲያሳፍር ሌላውን ያወርዳል። ለሥርጉት የገላን ኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣላት። የነሳፊያ ሱቅ ደግሞ መንገድ ሲሰፋ ከነመኖሪያቸው ፈረሰ፤ ሳፊያም ታክሲ መያዣው ጋ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ መሸጥ ጀመረች። ሥርጉት መጀመሪያ ሰሞን በዚያ ስታልፍ ከታክሲ ወርዳ ትስማት ነበር። ኋላ ኋላ በመስኮት እጇን ማውለብለብ ሆነ። በመጨረሻ ታክሲው እዚያ ሲደርስ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ትለጥፋለች፤ የደወለላት ሰው ግን የለም።

ሁለተኛ ልጇን ነቢዩን ወልዳ ክርስትናው ሲደርስ አዳዲሶቹን ጎረቤቶቿን ሁሉ ጠራች።

«ሳፊያንስ?» አላት ባሏ ፈቀደ።

«ሥራዋን ጥላ አትመጣም። ደግሞስ ለአንድ ሰው ብለን በግ ልናርድ ነው?»

«ሱቋ ቢፈርስ እሷም ፈረሰች እንዴ?» አላት። የሙስሊሙ ድስት ሳይጣድ ቀረ።

በክርስትናው ቀን ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ሳፊያ ናት። አራት ፎቅ ወጥታ ታለከልካለች፤ በእጇ ራሷ የሠራችው ነጭ የሕፃን ሹራብ አለ።

«አንቺ ቀበጥ! ወልደሽ ትደበቂኛለሽ? ሮዳስ ድንች ልትገዛ መጥታ ባትነግረኝ ኖሮ!»

ሥርጉት ሳቀች፤ ሳቁ ጥርሷ ላይ ቀረ። አዲሷ ጎረቤቷ አቻምየለሽ ጠጋ ብላ «ማናት?» አለቻት።

«ድሮ ዕቃ የምንገዛት ሴት ናት።»

ቀስ ብላ ነው ያለችው። ሳፊያ ትስማ አትስማ አላወቀችም፤ ፊቷን ግን ቀና ብላ ማየት አቃታት። ኩሽና ገብታ ድስቶቹን ከፈተች። ዶሮው፣ አልጫው፣ ጥብሱ፣ ሁሉም የክርስቲያን ሥጋ ነው። ድፎ ዳቦና ለስላሳ ይዛ ተመለሰች።

ሳፊያ ትሪውን አየች፤ ወዲያው ገባት። «ውይ፣ በልቼ ነው የመጣሁት» አለች። ዳቦውን ቆርሳ ሮዳስን አጎረሰቻት፤ ትንሽ ተጫውታም ተነሣች።

ሥርጉት ደረጃው ድረስ ተከተለቻት። «በሞቴ ሳፊዬ፣ በሚቀጥለው እሑድ ነይ። በግ እገዛለሁ፣ ሀይረዲን ያርድልናል።»

«ሀይረዲን እኮ ቢላ መያዝ ካቆመ ቆየ፣ ሥርጉቴ። ግማሽ ጎኑ አይታዘዝለትም። አልሰማሽም እንዴ?» አለች፤ ቁጣ የለባትም። «በይ ግቢ፣ እንግዶችሽ ይጠብቁሻል።»

ሥርጉት ወደ ቤት ስትመለስ አቻምየለሽ «ደንበኛሽ ሄደች?» አለቻት።

«ደንበኛዬ አይደለችም» አለች ሥርጉት፤ ሁሉም ሰማ። «እህቴ ናት። ሮዳስን ስወልድ እናት የሆነችኝ እሷ ናት። ባሏ ሲታመም እንኳ አልጠየቅኳትም።»

እንግዳው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። በሩ ላይ ማንም የለም።

ሥርጉት ሳፊያ ትታው የሄደችውን ሹራብ አንሥታ ነቢዩን አለበሰችው። ልክ ሆነው። እንግዶቹን ለፈቀደ ትታ፣ ልጁን ታቅፋ፣ የታመመ ልትጠይቅ ደረጃውን ወረደች። ሱቁ ከፈረሰ ወዲህ እነሳፊያ የት እንደሚኖሩ እንደማታውቅ ትዝ ያላት ታች ስትደርስ ነው።