የማሲንግ ግራ ጎን

ሮሲና የምትጠረጥረው ሰው አጥታ አታውቅም። ዶክተር አይሰን ከመጣ ወዲህ ግን ሌላውን ሁሉ ትታ እሱን ያዘች። እዚሁ ማላኩላ ደሴት ተወልዶ፣ ባሕር ማዶ ተምሮ የተመለሰ ሐኪም ስለምን ስዕል ይስላል? ስዕሉን ለፈረንጅ እየሸጠ ለመንደሩ መድኃኒት በነጻ ማደሉስ? «በነጻ የሚሰጥ፣ ሳታየው የሚወስድብህ አለ» ትል ነበር። የሞተች እናቱንም ስሎ ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ሰቅሏታል። ቱሪስቶች ሽጥልን ብለው ቢለምኑት «እናት አትሸጥም» አለ። ይሄ ደግሞ ጭራሽ አልጥም አላት።

አንድ ጠዋት ባሏ ማሲንግ ሲነሳ ወደቀ፤ ግራ እጁም ዛለ። ሳትወድ በግዷ ክሊኒክ ወሰደችው። አይሰን የደም ግፊቱን ለክቶ ደጅ አወጣውና አሸዋው ላይ በጣቱ ኤሊ መሳል ጀመረ። ይህን ስዕል በልጅነቱ ያስተማረው ራሱ ማሲንግ ነው። ግማሹ ላይ ሲደርስ ጣቱን አነሳ።

«አጎቴ፣ ጨርሰው እስቲ።»

ሮሲና ክው አለች። በሙታን መንገድ ላይ የምትጠብቀው መንፈስ የአሸዋውን ስዕል ግማሽ አጥፍታ ሟቹን «ጨርስ» እንደምትለው፣ ያቃተውንም እንደምትበላው የማያውቅ የለም። ማሲንግም አልጨረሰም፤ ቀኝ ቀኙን ብቻ ሞነጫጨረ።

«በቁሙ ልትቀብርብኝ ነው?» ብላ ጮኸች።

«አክስቴ፣ ስሚኝ እንጂ! ዛሬውኑ ማዶ ሆስፒታል መሄድ አለበት።»

«የእናትህን ፊት ሰቅለሃል፤ የሱን ግን አታገኘውም!» ባሏን እየጎተተች ቤቷ ገባች።

በማግስቱ ላፕላፕ የሚሉትን የሥራሥር ቂጣ በቅጠል ጠቅልላ ጋግራ በዚያው ቅጠል አቀረበችለት። ማሲንግ ቀኙን በልቶ ግራውን እንዳለ ተወው። ያ ሐኪም የሆነ ነገር አድርጎበታል ብላ ልትደፋው ቅጠሉን ስታዞር፣ ማሲንግ እጁን ዘረጋ።

«ገና አለ እንዴ? ምን ትደብቂኛለሽ አንቺ!»

ጥርግ አድርጎ በላ። ሮሲና በግራው ቆማ ስሙን ጠራች፤ እሱ ወደ ቀኝ ዞሮ ፈለጋት። ያኔ ቅጠሉን ጥላ ሮጠች።

ክሊኒክ ስትደርስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

«ግራ ጎኑ ያለውን አያይልኝም!»

«ስዕሉን ግማሹ ላይ ያቆምኩት ይህንኑ ለማወቅ ነበር፤ ጭንቅላቱ ውስጥ የደም ሥር ተዘግቶበታል» አላት አይሰን። «ትናንት ቢሄድ ኖሮ...» ብሎ ተወው። የመንደሩ ጀልባ ሞተሩ ከተበላሸ ሰንብቷል። ባሕሩ ላይ የአንድ ቱሪስት ጀልባ ቆሞ ስለነበር አይሰን ወደዚያ ሮጠ። ምን ብሎ እንዳግባባው አላወቀችም፤ እሱንም ቢሆን ጠርጥራለች። ብቻ ማሲንግ ከሰዓት ሳይሆን ተጫነ።

ከሁለት ወር በኋላ እያነከሰ ተመለሰ። አይሰን ክሊኒኩ ደጅ ላይ ኤሊውን እንደገና ጀምሮ ግማሹ ላይ ተወለት። ሮሲና በግራ በኩል ቁጢጥ ብላ የባሏን አገጭ ያዘች።

«ወደዚህ! ወደ እኔ እይ!»

ጣቱ ቀስ እያለ ወደ እሷ ሄደ፤ ዞረና ከተነሳበት ገጠመ። ሮሲና ዓይኗ እንባ ሞልቶ ቀና ስትል፣ በተከፈተው በር የክሊኒኩ ግድግዳ ታያት። ሚስማር ብቻ ቀርቷል።

«እናትህስ?» አለችው።

«አጎቴን ሆስፒታል አድርሳ እዚያው ጀልባው ላይ ቀረች።»