ቆርቆሮው ካልጮኸ አልገባችም

ጎልፍ እጫወታለሁ ስል ሀዋሳ ውስጥ ያልሳቀብኝ ሰው የለም። ይሳቁ! ለትምህርት ውጭ አገር በቆየሁባቸው ዓመታት ለምጄው፣ ከዲግሪዬ ጋር አንድ ቦርሳ ሙሉ ዱላ ይዤ ነው የተመለስኩት። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር በየእረፍቱ አዲስ አበባ ድረስ እየሄድኩ እጫወት ነበር። ኋላ ቀኝ ጉልበቴ ቀዶ ጥገና ተደረገለትና ዱላዎቹ ታቦር ሰፈር ባለው ቤቴ ከቁም ሳጥን ጀርባ ሰባት ዓመት ተቀመጡ። ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ አቧራቸውን አራገፍኩ።

ሜዳ ግን ከየት ይምጣ? ድሮ ያስተማርኩት፣ ዛሬ እሱም መምህር የሆነ ልጅ ከከተማው ወጣ ብሎ ቱላ ያለውን የአባቱን የግጦሽ መሬት አስፈቀደልኝ። አራት ጉድጓድ ቆፍረን በየጉድጓዱ ባዶ የወተት ቆርቆሮ ቀበርን። ጨዋታውንም እኔው አስተማርኩት። ኳሷን በጥቂት ምት ጉድጓድ ያስገባ ያሸንፋል፣ በቃ። ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት አራቱን ጉድጓድ ሁለት ሁለት ዙር እንጫወታለን።

በጎልፍ ኳሷ ጉድጓዱ አፍ ላይ ስትደርስ፣ ተጋጣሚህ «ተዋት፣ ገብታለች» ብሎ ቢያልፍልህ ያለ ነገር ነው። ስንዝር ለማትሞላ ርቀት ማለቴ ነው። የኔ ልጅ ዘንድ ግን ስንዝሯ ክንድ ሆነች፣ ክንዷ ደግሞ ሁለት እርምጃ። «ይተዉት ቲቸር፣ ገብታለች» ይልና ጎንበስ ብሎ ኳሷን አንስቶ በሁለት እጁ ይሰጠኛል። ለጉልበቴ አዝኖ ነው እያልኩ እቀበላለሁ። ውጤቴ በየሳምንቱ እየተሻሻለ በሠላሳ ሰባት ምት መጨረስ ጀመርኩ። ልቤ አበጠ! መሃል ከተማ ያገኘሁትን ሁሉ እያስቆምኩ «ከድሮዬ በለጥኩ እኮ» እላለሁ። ጡረታ የወጣ ሰው እየቀነሰ እንጂ እየጨመረ ሲሄድ አይታይም፤ እኔ ግን እየጨመርኩ ነበር። እሱ ነው ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳኝ።

አንድ ቅዳሜ አባትየው ላሞቻቸውን ሊያዩ መጡና ዳር ቆመው ያዩን ጀመር። ቤታቸው የሚነገረው ሲዳሙ አፎ ነው፤ አማርኛን ገበያ ላይ ነው የለመዱት። አማርኛቸው ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለም፤ ወንዱ ሁሉ አንተ፣ ሴቱ ሁሉ አንቺ ነው። ልጃቸው ኳሴን አንስቶ ሲያቀብለኝ አይተው፣

«አንቺ፣ መች ገባች?» አሉኝ።

«ገብታለች ብሎኝ ነው።»

«እኔ ዓይን አለኝ። ውጭ ናት። ይሄ ልጅ ያፍርሻል።»

ልጁን ዞር ብዬ ሳየው መሬት መሬት ያያል። ደሜ ፈላ።

«ስንት ቅዳሜ ዋሸኸኝ?»

«ኧረ ቲቸር፣ ውሸት አይደለም። እርስዎን አልገባችም ማለት ነውር ሆኖብኝ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ሳስተምር በይሉኝታ ማርክ ጨምሬ አውቃለሁ? ላንተ ጨምሬልህ ነበር?»

«ኧረ እኔንስ ኤፍ ነው የሰጡኝ» አለ ቀስ ብሎ።

«እንግዲያው ስማ። ከዛሬ ጀምሮ ቆርቆሮው ካልጮኸ አልገባችም!»

በዚያው ቀን ከመጀመሪያው ጀምረን እንደገና ተጫወትን። ሃምሳ አንድ ምት። እሱ በአርባ ሦስት ጨረሰ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። እየጨመርኩ አልነበረም ለካ፤ እየተጨመረልኝ ነበር።

በማግስቱ ሳሎኔ ምንጣፍ ላይ ብርጭቆ አጋድሜ ተለማመድኩ። በየቀኑ ቁርስ እንደበላሁ መቶ ኳስ። ጎረቤቶቼ «ዶክተሯን ምን ነካት?» ሳይሉ አልቀሩም። ጥፋቴን ያገኘሁት እዚያው ነው፤ ኳሷ መግባቷን ለማየት ቸኩዬ ሳልመታት ቀና እላለሁ። ከዚያ ወዲህ አንገቴን ደፍቼ መምታትና ድምጿን በጆሮዬ መጠበቅ ለመድኩ። ሃምሳ አንዱ አርባ ሰባት ሆነ፣ አርባ ሰባቱ አርባ አራት።

ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ከታጨደ በኋላ ባለፈው ቅዳሜ ተገናኘን። የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ አንገቴን ደፍቼ መታሁ። ቀው! አለ ቆርቆሮው። አርባ አንድ! እሱ አርባ መትቷል፤ ኳሷ ጉድጓዱ ጋ ለመድረስ አንድ እርምጃ ቀርቷታል። ካስገባት እኩል ነን። ቀና ብሎ አየኝ። ምን እንደሚጠብቅ ገባኝ። እወደዋለሁ፣ ልጄ ማለት ነው፤ «ገብታለች» የምትለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር። ዋጥኳት።

«ምታት» አልኩት።

መታት። የቆርቆሮውን ጠርዝ ታክካ አለፈች።

«አንቺ ሴትዮ!» ብሎ ጮኸና አፉን በእጁ ያዘ። «ይቅርታ ቲቸር! በስመአብ፣ አመለጠኝ!»

«ያመለጠችህማ ኳሷ ናት» አልኩት።

አባትየው አጥሩን ተደግፈው ከት ብለው ሳቁ።

ዩኒቨርሲቲው በጡረታ ሲሸኘኝ ካባ አልብሶኛል፤ ያኔም እንዲህ አልኮራሁም። ወደ ታቦር የምመለስበት ባጃጅ ውስጥ ዱላዎቼን ታቅፌ «አንቺ ሴትዮ! አንቺ ሴትዮ!» እላለሁ ለካ ድምፄን አውጥቼ።

«ማንን ነው እማማ?» አለኝ ባለ ባጃጁ በመስታወቱ እያየኝ።

«ራሴን» አልኩት።